ያሠለጠነው የማይፈርድበት ፈተና

የኔትወርክ ገመድ ሽፋኑ ሲላጥ ውስጡ ስምንት ቀጫጭን ሽቦዎች አሉ። ሁለት ሁለት ሆነው ተጠማዝዘዋል፤ ብርቱካናማ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ቡናማ፤ እያንዳንዱ ቀለም ነጭ የተቀላቀለበት መንትያ አለው። ሠልጣኙ ጥምዝምዙን ይፈታል፤ ሽቦዎቹን በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ እያሸ ያቃናል፤ በቀለም ያሰልፋል፤ ጫፋቸውን እኩል ቆርጦ አርጄ-45 የሚባለው ራስ ውስጥ ይከትና በክሪምፐር ጠቅ ያደርገዋል። ሌላውንም ጫፍ እንዲሁ ሠርቶ ቴስተር ላይ ሲሰካው ከ1 እስከ 8 ያሉት ትንንሽ መብራቶች በተራ ይበራሉ። አንዱ ከተዘለለ ገመዱ ተበላሽቷል። ሁሉም ከበሩ ሥራው አለቀ ይባላል።

ግን አላለቀም። በብዛት በሚሠራበት አሰላለፍ አረንጓዴዎቹ ጎን ለጎን አይቆሙም፤ አንዱ 3ኛ፣ ሌላው 6ኛ ቦታ ላይ ሆነው ሰማያዊዎቹን መሀል ያስገባሉ። ምክንያቱ ያልተነገረው ሰው ጥንዶቹን በየቀለማቸው ተርታ መደርደሩ ይቀናዋል። በሁለቱም ጫፍ ያንኑ ስሕተት ከደገመው ርካሹ ቴስተር ምንም አይታየውም፤ ስምንቱም መብራት ይበራል። 3ኛውና 6ኛው ግን አንድ ምልክት አብረው የሚሸከሙ ናቸው። ከተለያየ ጥንድ ሲመጡ ጥምዝምዙ መከላከሉን ይተዋል፤ የአንዱ ምልክት ወደ ጎረቤቱ ሽቦ ይሾልካል። ገመዱ አጭር ከሆነ ላይታወቅ ይችላል። ርቀቱ ሲጨምር ፍጥነቱ ይወርዳል፣ መስመሩ ይቆራረጣል።

ይህን የተማርኩት በመጀመሪያ ሥራዬ ላይ ነው። የሦስት ወር ሥልጠና ጨርሼ፣ ሰርተፍኬቴን በፕላስቲክ አስለብጬ በተቀጠርኩበት ቢሮ እኔ የዘረጋሁት የሒሳብ ክፍሉ መስመር በየሰዓቱ ይቋረጥ ነበር። ሁለት ቀን ማብሪያ ማጥፊያውን ስነካካ፣ ኮምፒዩተሩን ፎርማት ሳደርግ ቆየሁ። በሦስተኛው ቀን የተጠራው አንጋፋ ቴክኒሽያን ቴስተር እንኳ አላወጣም። የገመዱን ራስ ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጎ ቀለሞቹን አየና፣ «አንተ ልጅ፣ ይህን አሰላለፍ ማን አስተማረህ?» አለኝ። ያሠለጠነኝ ማዕከል በሦስት ወር ውስጥ እጄን ያየበት ቀን አልነበረም። የመጨረሻውን ፈተና ያወጣው፣ ያረመውና ሰርተፍኬቱን የፈረመው ያው ክፍያዬን የተቀበለው ሰው ነበር።

በአገራችን ለዚህ ችግር የተበጀ ተቋም አለ፤ ሠልጣኞች «ሲኦሲ» ይሉታል። ቃሉ የእንግሊዝኛ ምህጻር ሆኖ የምስክር ወረቀቱ ስም ነበር፤ ዛሬ ግን ፈተናውንም፣ የሚሰጥበትን ማዕከልም፣ ፍርሃቱንም ጭምር የሚጠራ ሆኗል። «ሲኦሲ ደርሶብኛል» ያለ ልጅ ምን ማለቱ እንደሆነ እናቱም ታውቃለች። በመደበኛ ስሙ የሙያ ብቃት ምዘና ነው።

ሥርዓቱ መልክ የያዘው በ2000 ዓ.ም. በወጣው ብሔራዊ የቴክኒክና ሙያ ስትራቴጂ ነው። ከዚያ በፊት የሚቆጠረው ሠልጣኙ ክፍል ውስጥ የተቀመጠበት ጊዜ ነበር። ስትራቴጂው ጥያቄውን ገለበጠው፤ ስንት ዓመት ተማርክ ሳይሆን ምን መሥራት ትችላለህ? ለዚህም ለእያንዳንዱ ሙያ ደረጃ ተጻፈ። የኛው መስክ «ሃርድዌር ኤንድ ኔትወርክ ሰርቪሲንግ» የሚል ስም ወጥቶለት በየደረጃው ተከፋፈለ፤ እያንዳንዱ ደረጃ ባለሙያው ሊሠራቸው የሚገባቸውን ተግባራት ይዘረዝራል። ሐሳቡ ሰነዱን የሚያዘጋጁት በኢንዱስትሪው ውስጥ ያሉ ሰዎች እንዲሆኑ ነው፤ የሚያስተምረው ሥርዓተ ትምህርቱን ከዚያ ይቀዳል፣ የሚመዝነውም ከዚያው ይቀዳል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 954 ይህንን አጸና። ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ዘርፉን የሚመራው ሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ነው።

የምዘናው ቀን ሁለት ፊት አለው፤ የጽሑፍና የተግባር። ክብደቱ ተግባሩ ላይ ነው። ተመዛኙ ወረቀት ይሰጠዋል፤ ይህን ያህል ኮምፒዩተር አገናኝ፣ አድራሻ ስጣቸው፣ ፋይል አጋራ ይላል። መሣሪያው ጠረጴዛው ላይ ነው። መዛኙ ከአጠገቡ ቆሞ እጁን ያያል፤ ከመሬት ጋር የተገናኘ የእጅ ማሰሪያ አድርጓል? ኃይሉን ሳያጠፋ ነው ክዳኑን የከፈተው? ከዚያም ይጠይቃል። ውጤቱ በመቶኛ አይለጠፍም፤ ወይ «ብቁ» ወይ «ገና ብቁ ያልሆነ» ነው። «ገና» የምትለውን ቃል እወዳታለሁ። ወደቅህ አትልም፤ ተመለስ፣ ሠርተህ ና ትላለች።

ከሁሉ በላይ ግን መዛኙ ያሠለጠነው ሰው አይደለም። ሲኦሲን ከኮሌጅ ፈተና የሚለየው ይህ ነው። የግል ኮሌጅ የገቢ ምንጩ ሠልጣኙ ነው፤ ሠልጣኙን ሲጥል ራሱን ይጥላል። አሠልጣኙ የቱንም ያህል ሐቀኛ ቢሆን ከሳሽም ዳኛም ሆኖ ሊቀመጥ አይገባም። የባለሙያ ምስክርነት የሚሰጡ ድርጅቶች የሚመሩበት አይኤስኦ 17024 የሚባለው ዓለም አቀፍ መስፈርትም አሠልጥኖ ራስ መፈረም ገለልተኝነትን የሚፈታተን ነገር መሆኑን ያስቀምጣል።

የሲኦሲን ጉድለት መደበቅ ግን ሙያውን መበደል ነው። የተግባር ጥያቄው ከዓመት ዓመት ሲደጋገም ሠልጣኞች ያጠኑታል። ገመዱን፣ አድራሻውን፣ የሚጫነውን ቁልፍ በቃላቸው ይዘው ገብተው ብቁ ተብለው የሚወጡ አሉ፤ ጥያቄው አንዲት ጋት ዘወር ቢል ግን እጃቸው ይያዛል። አንዳንድ ማዕከላትም የመጨረሻዎቹን ሳምንታት ለሥልጠና ሳይሆን «ለሲኦሲ ቲቶሪያል» ያውሏቸዋል። ሁሉም መብራት በርቶ ገመዱ የታመመበት ሁኔታ ይኸው ነው።

ለዚህ መድኃኒት ይሆናል የተባለው የትብብር ሥልጠና ነበር። ሐሳቡ ከጀርመን ልምድ የተቀዳ ነው። በጀርመን ሠልጣኙ የሳምንቱን አብዛኛውን ክፍል በድርጅት ውስጥ፣ ቀሪውን በትምህርት ቤት ያሳልፋል፤ ሲጨርስ የሚፈትነው የንግድና ኢንዱስትሪ ምክር ቤት ያቋቋመው ኮሚቴ ነው። ኮሚቴው ውስጥ የአሠሪና የሠራተኛ ተወካዮች በእኩል ቁጥር ይቀመጣሉ፤ መምህርም አለ። እኛ ጋ የተያዘው ዓላማ ከሥልጠናው 70 በመቶው በድርጅት፣ 30 በመቶው በተቋም እንዲሆን ነው።

70 በመቶ በወረቀት ላይ ቀላል ቁጥር ነው። ኮሌጁና ድርጅቱ የመግባቢያ ሰነድ ይፈራረማሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ፣ ፎቶው እንግዳ መቀበያው ላይ ይሰቀላል። ከዚያ ልጁ ቢሮ ይላካል። እዚያ የሚጠብቀው ሰው ከሌለ ፎቶ ኮፒ ያነሳል፣ ወረቀት ያደርሳል፣ አንድ ጥግ ተቀምጦ ስልኩን ይነካካል፤ በመጨረሻው ቀን ሎግ ቡኩ በአንድ ጊዜ ይፈረምለታል። አጋርነቱ ሐቀኛ መሆኑን ለማወቅ ከፎቶው ይልቅ ያንን ሎግ ቡክ ክፈቱ። ቀኑ፣ የተሠራው ሥራ፣ ያሳየው ሰው ስም በየዕለቱ በተለያየ ቀለም ተጽፎ ከተገኘ፣ አንዳንዱ ገጽ ላይ አቧራና የጣት አሻራ ካለበት ልጁ ሠርቷል። ገጾቹ ሁሉ በአንድ እስክሪብቶ ከተሞሉ አልሠራም።

ከውጭ የመጣ ሌላ ዓይነት አጋርነትም አለ። ሲስኮ የተባለው የኔትወርክ መሣሪያ አምራች በ1997 እ.ኤ.አ. ኔትወርኪንግ አካዳሚ የሚባል ፕሮግራም ጀመረ፤ በአገራችንም ዩኒቨርሲቲዎችና ኮሌጆች አባል ሆነው ያስተምሩበታል። ኩባንያው ትምህርቱን አዘጋጅቶ ይሰጣል፣ ፓኬት ትሬሰር የሚባል መለማመጃ ያቀርባል፤ በዚህ መለማመጃ ራውተር መግዛት ያልቻለ ማዕከልም ኔትወርክ በኮምፒዩተር ላይ ይዘረጋል። አስተማሪውም ራሱ ተምሮ ብቁ መሆን አለበት። ሲሲኤንኤ የሚባለውን ምስክር ወረቀት ግን አካዳሚው አይሰጥም፤ ፈተናው ፒርሰን ቪዩኢ በሚባል ሌላ ድርጅት በኩል፣ ማንነት ተጣርቶ የሚሰጥ ነው። ወረቀቱም የሚያገለግለው ለሦስት ዓመት ብቻ ነው፤ ሙያው ስለሚለወጥ ባለሙያውም ይታደሳል። ይህንን ሲኦሲም ቢወርሰው ደስ ይለኛል። ችግሩ ዋጋው ነው፤ 300 ዶላር። በብር ደመወዝ ለሚኖር ጀማሪ ቴክኒሽያን ይህ የወራት ገቢ ነው፤ ስለዚህ ብዙዎች ኮርሱን ጨርሰው ፈተናው ደጃፍ ላይ ይቀራሉ። ከአካዳሚ ጋር ተጣምሬያለሁ የሚል የግል ማዕከል ስለ ፈተናው ክፍያ ምን እንዳሰበ መጠየቅ የሠልጣኙ መብት ነው።

በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ከተባበሩት አረብ ኤሚሬቶች ጋር የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ፕሮግራም ደግሞ በሩን በሰፊው ከፍቷል፤ ስልክና ኢንተርኔት ያለው ሁሉ በነፃ ይማራል። ጅማሬው ያስደስተኛል። ነገር ግን በኢንተርኔት የተገኘ ሰርተፍኬት መግቢያ እንጂ ምዘና አይደለም፤ ልጁ ኮድ ሲጽፍ አጠገቡ ቆሞ «ይህን መስመር ለምን ጻፍከው?» የሚለው ሰው ገና ያስፈልጋል። የግል ማዕከላት ያንን ሰው የሚያቀርቡ ቢሆኑ ከመንግሥትም ከኩባንያም የማይገኝ ድርሻ ይኖራቸው ነበር።

ይህን የሚያደርግ አንድ ማዕከል አውቃለሁ፤ ሁለት ክፍል ብቻ ያለው፣ ወንበሩ ያረጀ። በኮርሱ መጨረሻ የሚፈትነው አስተማሪው አይደለም፤ ከአንድ ድርጅት የሚመጣ የኔትወርክ ሠራተኛ ነው። ባለፈው በሄድኩ ጊዜ አንዲት ልጅ ገመዷን ሠርታ ቴስተሩ ላይ ሰካችው፤ ስምንቱም በሩ። ሰውየው ቴስተሩን አጥፍቶ ገመዱን አነሳና፣ «እሺ የኔ እኅት፣ አረንጓዴውን ለምን ለየሽው?» አላት። ትንሽ ዝም ብላ ከጠረጴዛው ላይ የተረፈ ቁራጭ ገመድ አነሳች፤ ላጠችውና ጥምዝምዙን በጣቷ እያሳየች ማስረዳት ጀመረች።