ተጨማሪ መረጃ፦ የቢሮ ኮምፒውተሮችን መለያ ቁጥር ከርቀት መሰብሰብ

የንብረት ቆጠራ ሲደርስ ሠራተኛው በየቢሮው እየዞረ ከኮምፒውተሮች ጀርባ የተለጠፈ ቁጥር ማንበብ የግድ አይደለም። ኮምፒውተሮቹ በኔትወርክ ከተያያዙ ቁጥሮቻቸውን ከአንድ ቦታ ሆኖ መሰብሰብ ይቻላል።

• ሴሪያል ቁጥር፦ አምራቹ ለእያንዳንዱ ኮምፒውተር የሚሰጠው ቁጥር ነው። ማዘርቦርዱ ላይ ባለው የባዮስ ቺፕ ስለሚመዘገብ ሃርድ ዲስኩ ቢቀየር ወይም ዊንዶውስ እንደገና ቢጫን አይጠፋም።

• ማክ አድራሻ፦ የኔትወርክ ካርድ መለያ ነው። ርዝመቱ 48 ቢት ሲሆን፣ ከ0 እስከ 9 ባሉ አሃዞችና ከኤ እስከ ኤፍ ባሉ ፊደላት በ12 ምልክቶች ይጻፋል። በተለምዶ የመጀመሪያዎቹ 6 ምልክቶች አምራቹን፣ የቀሩት 6 ካርዱን ያመለክታሉ። የኬብልና የዋይፋይ ካርድ ያለው ላፕቶፕ ሁለት ማክ አድራሻ አለው።

እንዴት ይሰበሰባል? በዊንዶውስ ኔትወርክ ላይ አስተዳዳሪው ፓወርሼል በተባለው የትዕዛዝ መስጫ ጥያቄ ይልካል፤ ደብሊው ኤም አይ የተባለው የዊንዶውስ አገልግሎት መልሱን ይሰጣል። ለዚህም ኮምፒውተሩ የበራ መሆን፣ ፋየርዎሉም ጥያቄውን ማሳለፍ አለበት፤ ጠያቂውም የአስተዳዳሪ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል።

ጥንቃቄ፦ ማክ አድራሻ በሶፍትዌር ሊቀየር ይችላል። ከተለያዩ ክፍሎች በተገጣጠሙ ኮምፒውተሮች ላይ ደግሞ የሴሪያል ቁጥሩ ቦታ ባዶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሁለቱን ቁጥሮች አብሮ መመዝገብ ይመረጣል።

ተወያዩ፦ የአንድ ኮምፒውተር ማዘርቦርድ ቢቀየር በንብረት መዝገቡ ላይ ምን መስተካከል አለበት?