ምስሉ ጠፍቶ ድምፁ የቀረ የቴሌቪዥን ታሪክ

«በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው የአባቶቻችን ምሳሌ ለብዙ ዘመን እውነተኛ ሆኖ ኖሯል። ድምፅን ቀድቶ ማስቀመጥ ከተቻለ ወዲህ ግን ከአፍ የወጣ ቃልም ሊወረስ ችሏል። በዚህ ጽሑፍ ለክቡራን አንባቢዎች ለማስረዳት የፈለግሁት፥ አንድ ታላቅ ድርጅት ሊጠብቀው ይገባ የነበረውን ሥራ ሲያጠፋ፥ ጥቂት ወጣቶች በየቤታቸው ተቀምጠው ድምፁን እንዴት እንዳተረፉት ነው። ዓመቶቹ ሁሉ የተጻፉት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ነገሩ የሆነው በእንግሊዝ አገር ነው። ቢቢሲ የተባለው የራዲዮና የቴሌቪዥን ድርጅት ኖቬምበር 23 ቀን 1963 «ዶክተር ሁ» የተባለ ተከታታይ የሳይንስ ልብ ወለድ ማሳየት ጀመረ፤ ትርጓሜውም «ዶክተር ማን» እንደ ማለት ነው። ዶክተሩ ከሌላ ዓለም የመጣ፥ ስሙ የማይታወቅ ሰው ነው። ከውጭ ሲያዩአት የፖሊስ ስልክ መደወያ ሣጥን በምትመስል፥ ውስጧ ግን እጅግ ሰፊ በሆነች መርከብ ተሳፍሮ ወዳለፈውም ወደሚመጣውም ዘመን ይመላለሳል። ዳሌክ የተባሉ፥ በብረት ቅርፊት ውስጥ የሚኖሩ ጨካኞች ፍጡራን ዋነኞቹ ጠላቶቹ ናቸው። እያንዳንዱ ክፍል 25 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ዶክተሩን በመጀመሪያ የተጫወተው ዊልያም ሃርትኔል ሲሆን፥ በ1966 ፓትሪክ ትራውተን ተተካ። እስከ 1969 ድረስ 253 ክፍሎች በጥቁርና ነጭ ታይተዋል።

ጥፋቱ እንዴት እንደ ደረሰ ለመረዳት አስቀድሞ የቴፕን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። ቴፕ ማለት ቀጭን የፕላስቲክ ጥብጣብ ሲሆን፥ አንዱ ፊቱ እንደ ዱቄት በደቀቀ የብረት ዝገት ተለብጧል። ማይክሮፎን የድምፅን መንቀጥቀጥ ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጠዋል፤ ኤሌክትሪኩም በመቅረጫው ውስጥ ያለውን ማግኔት አንድ ጊዜ እያበረታ፥ አንድ ጊዜ እያደከመ፥ በፊቱ የሚያልፉትን የብረት ቅንጣቶች በዚያው መጠን ማግኔት ያደርጋቸዋል። ጥብጣቡ እንደገና ሲዞር ቅንጣቶቹ ያንኑ ኤሌክትሪክ መልሰው ያስነሡና ድምፁ ይሰማል። ነገር ግን ጥብጣቡን በኃይለኛ ማግኔት አጠገብ ቢያሳልፉት የተጻፈበት ሁሉ ይደመሰሳል፤ ጥብጣቡ ራሱ ሳይጎዳ ለሌላ ሥራ ይደርሳል። እንግዲህ ቴፕን ተወዳጅ ያደረገው ጠባይ፥ የተቀዳውን ለማጥፋትም ያንኑ ያህል የተመቸ ነው።

ምስልም በዚሁ ሥርዓት ይቀዳል፤ ይሁን እንጂ ምስል ከድምፅ ይልቅ እጅግ ብዙ ቦታ ይፈልጋል። በዚያ ዘመን ቢቢሲ ይጠቀምበት የነበረው የምስል ቴፕ ስፋቱ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል፥ ዋጋውም በጣም ውድ ነበር። ከተዋንያን ጋር የተደረገው ውል ደግሞ አንድን ሥራ ደጋግሞ ማሳየትን ይገድብ ነበር። ኋላም የቀለም ቴሌቪዥን ሲመጣ ጥቁርና ነጩን ሥራ የሚፈልገው ጠፋ። በዚህ ምክንያት ቴፖቹ እየተደመሰሱ ሌላ ይቀዳባቸው ጀመር።

ለውጭ አገር ሽያጭ ሲባል ክፍሎቹ ወደ 16 ሚሊ ሜትር ፊልም ይገለበጡ ነበር። እነዚህን ግልባጮች ብዙ አገሮች ገዝተዋቸዋል፤ ከአፍሪካ ናይጄሪያና የእኛዋ ኢትዮጵያ ከገዢዎቹ መካከል ነበሩ። የሽያጩ ጊዜ ሲያልፍ ግን ፊልሞቹም እየተቃጠሉና እየተጣሉ ሄዱ። ይህ ሥራ የቆመው በ1978 ገደማ ነው። ከዚያ ወዲህ አንዳንድ ክፍሎች ከየአገሩ ቢመለሱም፥ ከ90 በላይ የሚሆኑት ምስላቸው ሳይገኝ ቀርቷል።

የሚያስደንቀው ነገር ይህ ነው፤ ምስላቸው ከጠፋው ክፍሎች መካከል ድምፁ ያልተገኘ አንድም የለም።

ይህን ያደረጉት ባለ ሥልጣኖች ወይም ሊቃውንት አይደሉም፤ ታሪኩን የሚወዱ ጥቂት ወጣቶች ናቸው። በዚያን ጊዜ ምስል የሚቀዳ መሣሪያ በግለሰብ ቤት የማይታሰብ ነበር። የድምፅ ቴፕ ግን ስፋቱ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ስለ ሆነ ዋጋው ይቀላል፤ መቅረጫውንም መጠነኛ ገቢ ያለው ቤተሰብ ሊገዛው ይችላል። ከወጣቶቹ አንዳንዶቹ ማይክሮፎኑን በቴሌቪዥኑ ድምፅ ማጉያ ፊት አስቀምጠው፥ ቤተሰቡ ዝም እንዲል እየለመኑ ቀዱ። እንዲህ በተቀዳው ላይ የቤት ውስጥ ኮሽታ ሁሉ አብሮ ይገባል። ሌሎቹ ደግሞ ሽቦ ከቴሌቪዥኑ ውስጥ በቀጥታ ወደ መቅረጫው አገናኙ። የዚያ ዘመን ቴሌቪዥን ውስጡ ከፍተኛ የኤሌክትሪክ ኃይል ስላለበት ሥራው አደገኛ ነው፤ የተገኘው ድምፅ ግን እጅግ ጥሩ ሆነ። ታሪኩን በማግሥቱ እንደገና ለመስማት ሌላ መንገድ ስላልነበራቸው አደረጉት እንጂ፥ ዋናው ይጠፋል ብለው የጠረጠሩ አይመስለኝም።

ዓመታት አልፈው የጥፋቱ መጠን ሲታወቅ እነዚያ ቴፖች ከየሣጥኑ ወጡ። አንዱን ክፍል ብዙ ሰዎች ቀድተውት ስለ ነበር ማስተያየት ተቻለ። በአንዱ ቴፕ ላይ አንድ ቃል ቢቋረጥ ከሌላው ይሞላል፤ ጥብጣቡ ፈጥኖ ወይም ዘግይቶ ዞሮ እንደ ሆነ ፍጥነቱ ይስተካከላል፤ ጩኸቱና ኮሽታውም ይቀነሳል። በዚህ ሥራ ብዙ የደከመው ማርክ አይርስ የተባለው የሙዚቃና የድምፅ ባለሙያ ነው። ነገር ግን አንድ ችግር ቀረ፤ ተዋናዩ ዝም ብሎ በር ሲከፍት ወይም ፊቱ በድንጋጤ ሲለወጥ በድምፅ ብቻ አይታወቅም። ስለዚህ ቢቢሲ ድምፆቹን በካሴትና በሲዲ ሲያወጣ፥ በየመካከሉ የሚሆነውን የሚተርክ ተራኪ ጨመረበት።

ከምስሉም ቢሆን ፍርፋሪ ተገኝቷል። ጆን ኩራ የተባለ ሰው ከቴሌቪዥን መስታወት ላይ ፎቶግራፍ እያነሣ ለተዋንያንና ለአዘጋጆች መሸጥን ሥራው አድርጎ ይኖር ነበር፤ ፎቶግራፎቹ ዛሬ የጠፉት ክፍሎች ምን ይመስሉ እንደ ነበር ያሳዩናል። በአውስትራሊያ ደግሞ ሳንሱሮች ሕፃናትን ያስፈራሉ ብለው ከፊልሞቹ ቆርጠው ያወጧቸው ቁራጮች በ1996 በአገሪቱ ቤተ መዛግብት ተገኙ። እንዳይታዩ ተብለው የተቆረጡት ቁራጮች ተርፈው፥ እንዲታይ የተፈቀደው ጠፋ!

ድምፁ ለምን ያህል እንደሚጠቅም አንድ ምሳሌ ልስጥ። «የዳሌኮች ኃይል» የሚባለው ታሪክ ትራውተን ዶክተር ሆኖ የሠራበት የመጀመሪያው ነው። አንድን ዋና ተዋናይ በሌላ መልክ መተካት ይቻል እንደ ሆነ የተፈተነበትም በዚህ ነበር። ይሁን እንጂ ኖቬምበር 5 ቀን 1966 መታየት የጀመሩት 6ቱ ክፍሎች በሙሉ ጠፉ። በ2016፥ ልክ በ50 ዓመቱ፥ ሠዓሊዎች የተረፈውን ድምፅ እያዳመጡ፥ ፎቶግራፎቹን እየተመለከቱ፥ ታሪኩን በሚንቀሳቀስ ሥዕል እንደገና ሠሩት። ሥዕሉ አዲስ ነው፤ የሚናገሩት ግን የጥንቶቹ ተዋንያን ራሳቸው ናቸው። ድምፁ ባይኖር ይህ ሁሉ ባልሆነ ነበር።

ፊልም ፍለጋውም አልቆመም። በ2013 ፊሊፕ ሞሪስ የተባለው ፈላጊ በናይጄሪያ በጆስ ከተማ ያገኛቸው 9 የጠፉ ክፍሎች ለሕዝብ ቀርበዋል።

አንዳንድ ሰው «ሁሉን ነገር ማስቀመጥ አይቻልም፤ የቴሌቪዥን ጨዋታ ቢጠፋ ምን ይጎዳል?» ይል ይሆናል። በርግጥ ቴፖቹን የደመሰሱት ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም፤ የተሰጣቸውን ገንዘብ በቁጠባ ማዋል ግዴታቸው ነበር። ነገር ግን ለልጅ ልጅ የሚጠቅመውን ዛሬ ላይ ሆኖ ለይቶ ማወቅ ለማንም አልተሰጠም። ስለዚህ ከዚህ ታሪክ የተረዳሁት፥ አንድን ነገር ከጥፋት የሚያድነው የጠባቂው ታላቅነት ሳይሆን የጠባቂዎቹ መብዛት መሆኑን ነው። አንዱ ሲጥል ሌላው ያነሣል፤ የአንዱ ቴፕ ሲቆረጥ የሌላው ይሞላል።

ይህም በባሕር ማዶ ብቻ የሚቀር ጉዳይ አይደለም። በብዙዎቻችን ቤት በቁም ሣጥንና በአልጋ ሥር የተረሱ ካሴቶች አሉ፤ የሠርግ ዘፈን፥ የአያቶች ጨዋታና ምክር፥ በውጭ አገር ያሉ ዘመዶች በደብዳቤ ፈንታ የላኩት ድምፅ ተቀድቶባቸዋል። የካሴትም ጥብጣብ ያው በብረት ዝገት የተለበጠ ነው፤ በሙቀትና በእርጥበት ይበላሻል፤ ማጫወቻውም ከየቤቱ እየጠፋ ነው። በስልካችን የምንቀዳውም ቢሆን ስልኩ የተሰበረ ወይም የተሰረቀ ዕለት አብሮ ይሄዳል።

እንግዲህ ውድ የትምህርት ቤት ጓደኞቼ፥ በዚህ ክረምት እያንዳንዳችን አንድ ካሴት ፈልገን ወደ ኮምፒዩተር ብንገለብጥ፥ የተናጋሪውን ስምና ቀኑን ብንጽፍበት፥ አንድ ግልባጭም ለዘመድ ብንሰጥ ጥቂት ድካም ብቻ ነው። ወላጆቻችንም በላዩ ሌላ ዘፈን ከመቅዳታቸው በፊት በውስጡ የማን ድምፅ እንዳለ አንድ ጊዜ ያዳምጡ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ አፋፉ ላይ ቆሞ የሚቀበል ሰው ካለ ግን ቃሉ አይወድቅም።