ከጭነት መኪና መሪ ወደ መኪና ሽያጭ፦ ተረትና እውነታ

መኪናን በኮሚሽን መሸጥ ሁለት መልክ አለው። አንደኛው በአስመጪ ወይም በመኪና መሸጫ ድርጅት ተቀጥሮ፣ ከደመወዝ ጋር ወይም ያለ ደመወዝ፣ ከተሸጠው ዋጋ መቶኛ ማግኘት ነው። ሁለተኛው ሻጭና ገዥን አገናኝቶ የድለላ ዋጋ መቀበል ነው። በአንኮበርና በደብረ ብርሃን አካባቢ ብዙ የጭነት መኪና ሹፌሮች ይህን ሥራ የሚመኙበት በቂ ምክንያት አላቸው። የጣርማ በር ቁልቁለትና ጭጋግ፣ የጅቡቲ መስመር ሙቀት፣ ከቤተሰብ ተለይቶ ማደር አድካሚ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል ያለው ግጭት መንገዱን አስጊ አድርጎታል። ሆኖም ስለ ሽያጩ ሥራ የሚነገረው ሁሉ እውነት አይደለም፤ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰውም በወሬ ተነሥቶ እንጀራውን ሊቀይር አይገባም።

ተረት 1፦ ሹፌር ቋሚ ገቢ አለው፤ የኮሚሽን ሠራተኛ ግን ዋስትና የለውም

እውነታ፦ ልዩነቱ የሚባለውን ያህል ሰፊ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 53 ኮሚሽንን ከደመወዝ አይቆጥርም። ይኸው አንቀጽ ውሎ አበልንም ከደመወዝ ውጭ ያደርገዋል። ደመወዙ ትንሽ፣ አበሉ ብዙ የሆነ ሹፌር እንግዲህ ከኮሚሽን ሠራተኛው ጋር አንድ ዓይነት ክፍተት አለበት፤ የሥራ ስንብት ክፍያ የሚሰላው በደመወዙ ነው። ጡረታም እንዲሁ ነው። በግል ድርጅት አሠሪው 11 በመቶ፣ ሠራተኛው 7 በመቶ የሚያዋጡት ከደመወዝ ላይ ነው።

ትክክለኛው መለያ መስመር ያለው በተቀጣሪና በራሱ በሚሠራ ሰው መካከል ነው። በራሱ ኃላፊነት የሚሠራ ደላላ በአዋጁ አይሸፈንም። የዓመት ፈቃድ የለውም፣ 11 በመቶ የሚያዋጣለት አሠሪ የለውም፣ በሥራ ላይ ጉዳት ቢደርስበት ካሳ የሚጠይቀው አሠሪም የለም። የተቀጠረ ሹፌር ግን እነዚህ ሁሉ መብቶች አሉት።

ተረት 2፦ 2 በመቶ ማለት በአንድ መኪና ብዙ ገንዘብ ማለት ነው

እውነታ፦ በድለላ በተለምዶ የሚጠራው 2 በመቶ ነው። ከ3 ሚሊዮን ብር መኪና 60,000 ብር ይሆናል። ነገር ግን አንድን መኪና ገዥ ጋር ለማድረስ ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ ደላላ ይሳተፋል፤ ገንዘቡም ይከፋፈላል።

ሁለተኛው ቅነሳ ግብር ነው። ኮሚሽን በአሠሪና ሠራተኛ ሕግ ደመወዝ ባይባልም፣ በገቢ ግብር ሕግ ግን ለተቀጣሪ የመቀጠር ገቢ ነው። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው ሕግ በወር ከ14,000 ብር በላይ ያለው ገቢ 35 በመቶ ይቆረጥበታል። ሁለት ወር ምንም ያላገኘ ተቀጣሪ በሦስተኛው ወር 60,000 ብር ቢከፈለው ግብሩ 18,950 ብር ነው። ያው ገንዘብ በየወሩ 20,000 ብር ሆኖ ቢመጣ ግን የሦስቱ ወር ግብር በድምሩ 14,850 ብር ይሆን ነበር። ገቢው ወጣ ገባ በመሆኑ ብቻ 4,100 ብር ይጎድላል።

ተረት 3፦ ብዙ የደከመ ብዙ ይሸጣል

እውነታ፦ ትጋት ያስፈልጋል፤ ገበያውን የሚያንቀሳቅሱት ግን ከሻጩ እጅ ውጭ ያሉ ውሳኔዎች ናቸው። ብሔራዊ ባንክ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የባንኮችን ዓመታዊ የብድር ዕድገት በ14 በመቶ ገደበ፤ በብድር መኪና ለሚገዛ ሰው ይህ በቀጥታ የሚነካ ነው። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲተው፣ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። እንዲህ ባለ ጊዜ ሻጩ «ነገ ይጨምራል» ብሎ ይይዛል፣ ገዥው «ይረጋጋ» ብሎ ይጠብቃል፤ በመካከል የቆመው የኮሚሽን ሠራተኛ ሳይከፈለው ይቆያል።

ተረት 4፦ መኪና የሚያውቅ ሰው መኪና መሸጥ አያቅተውም

እውነታ፦ ግማሹ እውነት ነው። የሞተር ድምፅ ሰምቶ ችግሩን የሚለይ፣ የፍሬንንና የማርሽን ጤንነት በጥቂት ኪሎ ሜትር የሚያውቅ ሰው ያገለገለ አይሱዙ ወይም ሲኖትራክ ለሚፈልግ ገዥ ትልቅ አለኝታ ነው። በመናኸሪያና በጋራዥ ያካበተው ትውውቅም ሀብቱ ነው። በአዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ላይ ግን ገዥው የሚጠይቀው ስለ ባትሪ ዕድሜ፣ ስለ ቻርጅና ስለ ዋስትና ነው፤ ይህ እንደ አዲስ መማርን ይፈልጋል። ዋጋ መደራደርና ሳይሰለቹ ደንበኛን መከታተልም ራሱን የቻለ ሙያ ነው።

ተረት 5፦ ለድለላ ስልክ ብቻ ይበቃል

እውነታ፦ በንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 መሠረት ድለላን ሥራዬ ብሎ የያዘ ሰው የንግድ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። ከዚያም የሰነድ ሥራ አለ። ሊብሬው ከሻንሲና ከሞተር ቁጥሩ ጋር መመሳከር፣ መኪናው በባንክ ዕዳ ወይም በፍርድ ቤት ዕግድ አለመያዙ መረጋገጥ አለበት። ሽያጩም በውልና ማስረጃ ፊት ተፈርሞ ስም መዞር ይኖርበታል። የኮሚሽኑ መጠን፣ ማን እንደሚከፍልና መቼ እንደሚከፈል አስቀድሞ በጽሑፍ ካልሰፈረ፣ ሻጭና ገዥ በተገናኙ ማግስት ደላላው ሊዘነጋ ይችላል።

ተረት 6፦ ሽያጭ ከቤት አያርቅም

እውነታ፦ የመኪና ገበያ ያለው ገዥ በብዛት በሚገኝበት ነው። አንኮበር ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። በተለይ የአዲስ መኪና ሻጭ ለመሆን አዲስ አበባ መክረም ግድ ሊሆን ይችላል፤ የቤት ኪራዩና ትራንስፖርቱ ከመጀመሪያዎቹ ኮሚሽኖች ላይ ይነሣል። ለቤት መቅረብ ዋናው ፍላጎት ከሆነ ደብረ ብርሃን ካሉት የሐበሻና የዳሸን ቢራ ፋብሪካዎች ወይም ከብርድ ልብስ ፋብሪካው ጋር የተያያዘ የአጭር መስመር ጭነት መፈለግም ሌላ አማራጭ ነው።

ተረት 7፦ መሪን የለቀቀ አይመለስም

እውነታ፦ መንጃ ፈቃዱን በጊዜው የሚያሳድስ ሰው የመመለሻ በሩ ክፍት ነው። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ተቀጣሪ ሹፌር ሥራውን ለመልቀቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት ይጠበቅበታል። በአዲሱ ድርጅት ደግሞ እስከ 60 የሥራ ቀን የሙከራ ጊዜ ሊኖር ይችላል፤ በዚህ ጊዜ አሠሪው ብቁ አይደለም ካለ ያለ ማስጠንቀቂያ ያሰናብታል። ስለዚህ ከመልቀቅ በፊት ሦስት ነገሮች መታወቅ አለባቸው፦ ያለ ሽያጭም የሚከፈል መነሻ ደመወዝ መኖሩ፣ የኮሚሽኑ ስሌት በውሉ ላይ መስፈሩ፣ ቤተሰቡ ለጥቂት ወራት ያለ ኮሚሽን የሚኖርበት ቁጠባ መኖሩ። ሦስቱ የተሟሉለት ሹፌር ለውጡን በሙሉ ልብ ሊጀምር ይችላል። ያልተሟሉለት ደግሞ እየነዳ በትርፍ ሰዓቱ ገበያውን ቢያጠና ይሻለዋል።