የዳሌ ጎድጓዳ ልክ፤ ከሐዳር ዐፅም እስከ ወንጂ ውሃ

የዳሌ አጥንት በልጅነት ሦስት ሆኖ ተፈጥሮ፣ የሦስቱም ጫፍ በመካከል በልም አጥንት ተያይዞ ቆይቶ፣ በጕርምስና ዘመን ሲዋሐድ የሚገኘው ክብ ጎድጓዳ የጭን አጥንትን ራስ ተቀብሎ የሰውን ልጅ ቀጥ አድርጎ የሚያቆም ስለ ሆነ፣ ስፋቱንና ጥልቀቱን፣ ወዴትም እንደሚያዘነብል መመርመር ለሐኪምም ለጥንተ ሰው መርማሪም ተገቢ ሆኖ ተገኝቷል።

ደረቅ ዐፅም የያዘ ሰው የጎድጓዳውን አፍ በካሊፐር ለክቶ ይጨርሳል፤ በሕያው ሰው ግን ልኩ የሚወሰደው ከራጅ ጥላ ላይ ስለ ሆነ ብልሃት ይጠይቃል። ስዊድናዊው ጉናር ዊበርግ በ1939 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሥርዐት፣ ከጭኑ ራስ መካከል አንድ መስመር ሽቅብ፣ ሌላም መስመር ወደ ጎድጓዳው ጣሪያ የውጭ ጠርዝ ይሰመርና፣ በመካከላቸው ያለው ማዕዘን ከ25 ዲግሪ ሲበልጥ ጣሪያው የጭኑን ራስ በሚገባ ጋርዷል፣ ከ20 ሲያንስ ጎድሏል ይባላል። የአራስ ሕፃን ጎድጓዳ አብዛኛው ገና ልም አጥንት በመሆኑና ራጅም ይህን ስለማያሳይ፣ ኦስትሪያዊው ራይንሃርት ግራፍ ያስተማረው የአልትራሳውንድ ልክ ለእርሱ ይመረጣል። በራጅ ጊዜ ታማሚው ጥቂት ዘንበል ብሎ ቢተኛ ማዕዘኑ ሁሉ መዛባቱንም ልብ ይሏል።

አዋሽ ከአዳማ አጠገብ የወንጂን አገዳ አጠጥቶ ወደ ቆላ ሲወርድ በሚደርስበት በሐዳር፣ ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. የተገኘችው ድንቅነሽ የግራ ዳሌዋ አጥንት ስለ ተረፈላት፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያህል ያስቈጠረች ፍጡር በሁለት እግር መሄዷን ይህ አጥንት መሰከረ፤ የጭኗ ራስ ስፋት 29 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ሲሆን፣ የዛሬ ጎልማሳ ግን በአብዛኛው ከ40 ይበልጣል። አጥንቱ በመሬት ክብደት ተሰባብሮና ተጣምሞ ስለ ነበር የጥንተ ሰው መርማሪው ኦወን ላቭጆይ አምሳያውን እንደገና ገጣጥሞታል፤ እንግዲህ የምናነበው ልክ ከፊሉ የተፈጥሮ፣ ከፊሉም የሊቁ እጅ ሥራ ነው።

ወደ ሕያዋን ስንመለስ፣ የስምጥ ሸለቆ ውሃ የራሱን ጣጣ ያመጣል። በ1946 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው በወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሰፈሮች ይጠጣ የነበረው የጉድጓድ ውሃ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ከወሰነው ከ1.5 ሚሊግራም በሊትር እጅግ የላቀ ፍሎራይድ ስለ ነበረው፣ ጥርስን ከማበለዙም አልፎ የብዙ ሠራተኞችን አዕፅምት ጐዳ፤ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸውም ይህንን ደዌ መርምረዋል። ደዌው አጥንትን ያወፍራል፣ ጅማትን ያጠጥራል፣ በመገጣጠሚያ ጠርዝም ላይ ትርፍ አጥንት ያበቅላል፤ ስለዚህ የዊበርግ መስመር የሚያርፍበት ጠርዝ ወደ ውጭ ከገፋ፣ ጎድጓዳው ሳይጠልቅ የጠለቀ መስሎ ሊነበብ ይችላል። በአዳማ፣ በሞጆ ወይም በመቂ ራጅ የሚያነብ ሐኪም ታማሚው የየትኛውን ጉድጓድ ውሃ ጠጥቶ እንዳደገ ቢጠይቅ፣ በእኔ አስተያየት፣ ከማዕዘኑ የማያንስ ዕውቀት ያገኛል።

ልማድም ቅርጽን ይገዛል። እናት ልጇን በአንቀልባ ስታዝል እግሮቹ ታጥፈውና ተከፍተው ጀርባዋን ስለሚያቅፉ፣ የጭኑ ራስ ወደ ጎድጓዳው መካከል ይገፋል፤ የሕፃኑን እግር ዘርግተው አጥብቀው በሚጠቀልሉ ሕዝቦች ዘንድ ግን የጎድጓዳ ጥልቀት ማነስ በዝቶ ታይቷል።

ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ በሚገባበት ጊዜ ቀዶ ሐኪሙ ስፋቱን አስቀድሞ ከራጅ ይገምትና፣ በሚሊሜትር እየሰፋ በሚሄድ መፋቂያ ጎድጓዳውን ደረጃ በደረጃ ይፍቃል፤ የመጨረሻውን ቍጥር የሚቈርጠው በእጁ የሚሰማው የአጥንት ጥንካሬ ሲሆን፣ ፍሎራይድ ያጠጠረው አጥንት ግን ለመፋቂያው በቀላሉ አይበገርም።