ማሽኑ ይቁጠር፣ ወረቀቱ ግን ይኑር

«በስልካችን ገንዘብ እየላክን ምርጫ በወረቀት የሚሆነው ለምንድን ነው?» የሚል ጥያቄ በየጊዜው ይነሳል። ተገቢ ጥያቄ ነው። በቴሌብር የላክሁት ብር ሳይደርስ ቢቀር እኔም አውቃለሁ፣ ተቀባዩም ያውቃል፤ ስማችን፣ ቀኑና መጠኑ ተመዝግቧልና ተከታትለን እናገኘዋለን። ድምፅ ግን ምስጢር ነው። ማን ማንን እንደመረጠ እንዳይታወቅ ስም ከድምፁ ሆን ተብሎ ይለያል። ስለዚህ አንድ ድምፅ ማሽን ውስጥ ቢጠፋ «የእኔ ነው» ብሎ የሚከራከርለት ባለቤት የለውም።

እ.ኤ.አ. በ2004 በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና፣ ካርተሬት ካውንቲ ውስጥ የደረሰው ይኸው ነው። አንዱ ማሽን ምንም ወረቀት አያትምም ነበር። አስፈጻሚዎቹ ከ10,000 በላይ ድምፅ ይይዛል ብለው ያምኑ ነበር፤ የያዘው ግን 3,005 ብቻ ነው። ሜሞሪው ከሞላ በኋላም መራጭ መቀበሉን አላቆመም። ሰው ተሰልፎ ገባ፣ መረጠ፣ ግዴታዬን ተወጣሁ ብሎ ወደ ቤቱ ሄደ። ከ4,400 በላይ ድምፅ የትም ሳይመዘገብ ቀረ። በዚያው ምርጫ ለግዛቱ የግብርና ኮሚሽነርነት በተወዳደሩት ሁለት ሰዎች መካከል የነበረው ልዩነት ከ2,300 በታች ነበር። ክርክሩ ወራት ፈጀ፤ ያበቃውም አንደኛው ተወዳዳሪ ሽንፈቱን ስለተቀበለ እንጂ የጠፋው ድምፅ ስለተገኘ አይደለም። ኮሮጆ የገለበጠ ሰው አልነበረም። እኔን በጣም የሚያሳስበኝም ይህ ነው፤ ያለ አንዳች ተንኮል የሺዎች ድምፅ ሊጠፋ ይችላል። ግዛቱ በማግስቱ ዓመት ወረቀት እንዲኖር በሕግ ደነገገ።

አሁን ደግሞ ወረቀት የነበረበትን እንይ። በኖቬምበር 2019 በፔንሲልቬንያ ኖርዝሃምፕተን ካውንቲ 55,000 ያህል ሰው በመረጠበት ዕለት፣ ማሽኖቹ ለአንድ የዳኝነት እጩ 164 ድምፅ ብቻ አወጡ። ማሽኖቹ ሲዘጋጁ ስህተት ተፈጽሞ ነበር። ነገር ግን እያንዳንዱ መራጭ ሲመርጥ የታተመ ወረቀት ማሽኑ ውስጥ ተቀምጧል። ወረቀቶቹ ወጥተው ሌሊቱን ተቆጠሩ፤ ያ 164 ድምፅ አገኘ የተባለው እጩ አሸናፊ ሆኖ ተገኘ።

ሆኖም ወረቀት መታተሙ ብቻውን አይበቃም፤ መራጩ ሊያየው ይገባል። በዚያው ካውንቲ በ2023 ሁለት ዳኞች በሥራቸው ይቀጥሉ ወይ ተብሎ ለቀረበው ጥያቄ የተሰጠው «አዎ» እና «አይ» በወረቀቱ ላይ ተዘበራርቆ ይወጣ ነበር። ይህን የደረሱበት ወረቀቱን ያነበቡ መራጮች ናቸው። የሚያነበው ደግሞ ጥቂት ነው። የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2020 ባወጡት ጥናት፣ በሙከራ ምርጫ ወረቀቱ ላይ ሆን ብለው ስህተት ሲያስገቡ ለአስፈጻሚ የተናገረው ከ100 መራጭ 7 እንኳ አይሞላም።

ወረቀቱ ሳጥን ውስጥ ተዘግቶበት ከቀረም ጥቅም የለውም፤ ከማሽኑ ውጤት ጋር መመሳከር አለበት። የአሜሪካዋ ጆርጂያ ግዛት በ2020 የፕሬዝዳንት ምርጫ ይህን አድርጋለች። ልዩነቱ 12,000 አካባቢ ስለነበር 5 ሚሊዮን ያህል ወረቀት በሰው እጅ ተቆጠረ፤ አሸናፊው አልተለወጠም። ከተሸነፈው ወገን ያልተቀበሉት ነበሩ። ቢሆንም ለሚጠራጠር ሰው ከ«እመኑን» የተሻለ መልስ ተገኝቷል።

የጀርመን ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት በማርች 2009 በሰጠው ውሳኔ፣ ማንኛውም ዜጋ የተለየ የቴክኒክ እውቀት ሳያስፈልገው የምርጫውን ዋና ዋና ደረጃዎች ማረጋገጥ መቻል አለበት ብሏል። በ2005 አገልግሎት ላይ የዋሉትን ማሽኖችም ከሕገ መንግሥቱ ጋር የሚጋጩ ሆነው አግኝቷቸዋል። ማጭበርበር ተፈጽሟል የሚል ማስረጃ አልቀረበለትም፤ ሕዝብ ሊፈትሸው አለመቻሉ በቂ ምክንያት ሆኗል። እኔም የምስማማው በዚህ ነው። ሶፍትዌሩን ጥቂት ባለሙያዎች ይፈትሹታል፣ ወረቀት ግን ማንበብ የሚችል የፓርቲ ታዛቢ ሁሉ ይቆጥረዋል።

ዜግነት ወስዳችሁ በአሜሪካ የምትመርጡ ወገኖቼ፣ ማሽኑ ወረቀት ሲያወጣላችሁ ድምፃችሁን ከማጽደቃችሁ በፊት እያንዳንዱን ስም እባካችሁ አንብቡ። የተሳሳተ ካለ ዝም ብላችሁ አትለፉት፤ እዚያው የምርጫ ጣቢያውን ሠራተኛ ጠርታችሁ አሳዩና እንደገና ምረጡ።