«ተቀበል!» በስልክ

ባለፈው ሰሞን አንድ ወዳጄ «ሁለት ሰው ሳይገናኝ እንዴት ዘፈን ይሠራል?» አለኝ። ጥያቄው ደስ ስላለኝ መልሱን አስረዘምኩበት፤ ለእናንተም ላውራችሁ። እኔ አዲስ አበባ ሆኜ ግጥም እጽፋለሁ፣ ኪቦርድ እነካካለሁ። ጓደኛዬ ላይ ጋይንት፣ ንፋስ መውጫ ላይ መሰንቆ ይመታል፣ ይዘፍናል። አብረን መሥራት ከጀመርን ዓመታት ሆነውናል።

መጀመሪያ የማይሆነውን ልንገራችሁ። በቪዲዮ ጥሪ እኩል መጫወት አይሆንም። ካላመናችሁ ከጓደኛችሁ ጋር አብራችሁ አጨብጭቡ። ያንተን ጭብጨባ እኔ ዘግይቼ እሰማለሁ፤ እሱን ጠብቄ ስመታ አንተ ደግሞ የእኔን ዘግይተህ ትሰማለህ። እየተጠባበቅን እስክስታው ሙሾ ይሆናል። ድምፅ በአየር ላይ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚሄድ፣ አሥር ሜትር ተራርቀው የቆሙ ሁለት ተጫዋቾች አንዱ ሌላውን የሚሰማው ሠላሳ የሰከንድ ሺሕኛ ያህል ዘግይቶ ነው። ከዚያ ካለፈ ምት መያዝ ይከብዳል። አሁን ዋሽንግተን ካለ ዘመድ ጋር እንጫወት ብትሉ 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ብርሃን በመስታወት ገመድ ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሮጥ እንኳ ለመሄድ ብቻ ሃምሳ ሰባት ሺሕኛ ይፈልጋል፤ መልሱ ሲጨመር እጥፍ ነው። ንፋስ መውጫ ቅርብ ነው ብትሉኝ ደግሞ አፑ ድምፁን ሲያሽግና ሲፈታ፣ ኔትወርኩም ሲያነክስ ጊዜው ይበላል።

ስለዚህ በተራ ነው የምንሠራው። ይሄ ደግሞ ለአገሩ አዲስ ነገር አይደለም! እስቴም ሆነ ስማዳ ሠርግ ቤት አዝማሪ ሲጫወት አይታችኋል? አንዱ እንግዳ «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ይወረውራል። አዝማሪው ደጋኑን ሳያቆም ያን ስንኝ ከዜማው ጋር አጋብቶ ይመልሰዋል። ግጥሙ የአንዱ፣ ዜማው የሌላው፣ ዘፈኑ የሁለቱ። እኔና ጓደኛዬ ያደረግነው በመቀበሉና በመስጠቱ መካከል ሁለት ቀን ማስገባት ብቻ ነው።

ከዚህም የቆየ አብነት እዚያው ጋይንት አለ። የድጓ (የቤተ ክርስቲያኗ የዜማ መጽሐፍ) ሊቅ ለመሆን የሚፈልግ ተማሪ የሚመሰከርለት በጋይንቱ ቤተልሔም ነው። ድጓው ላይ ከቃሉ በላይ በደቃቁ የተጻፉ ፊደላት አሉ፤ ምልክት ይባላሉ። በ16ኛው መቶ ዘመን፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ጊዜ፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንዳዘጋጇቸው ይነገራል። ዜማ በብራና ላይ ተሳፍሮ ይጓዛል ማለት ነው። ግን ልብ በሉ፦ ምልክቱ ዜማውን ለማያውቅ ሰው ምንም አይነግረውም። አንዷ ፊደል የምታስታውሰው ከመምህሩ አፍ የተለቀመ፣ በጆሮ የገባ የዜማ ሐረግ ነው። እኔም ለጓደኛዬ «ሁለተኛው ስንኝ ላይ ያችን የቀብሩን ቀን ዓይነት አድርጋት» ብዬ ስጽፍለት የሚገባው እሱ ብቻ ነው። ቀብሩ ላይ አብረን ነበርና። ከማላውቀው ሰው ጋር እንዲህ ልሥራ ብል በየመሥመሩ ድርሳን መጻፍ ሊኖርብኝ ነው።

ግጥሙስ? እኛ አብዛኛውን በወል ቤት እንጽፋለን፤ ስድስት ቀለም፣ እረፍት፣ ስድስት ቀለም። ልኩን ስለምናውቅ ዜማውን ሳልሰማ የጻፍኩት ስንኝ እዚያ ሲደርስ ልክ ይሆናል። ጣጣው ሌላ ነው። በጽሑፍ ስልክለት ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም! አንድ ጊዜ «ይመታል» የሚል ቃል ላክሁ። እኔ ያሰብኩት ልብ ሲመታ ነው፤ እሱ አጥብቆ ዘፈነው፣ ልቤ ዱላ የሚቀምስ ሆነ። ሰሙም ወርቁም ገደል ገባ። ከዚያ ወዲህ ስንኝ የምልከው በድምፅ ነው።

ወደ ቀረጻው እንምጣ። መሰንቆ አንድ ክር ነው፣ የፈረስ ጭራ፤ የሚቃኘውም በዕለቱ የተጫዋቹ ድምፅ በወደደው ልክ ነው። ፀሐይ ሲመታው ቆዳው ይወጠራል፣ ማታ ሲቀዘቅዝ ይለወጣል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ጓደኛዬ ባዶውን ክር አሥር ሰከንድ ያህል ስቦ ይልክልኛል። ኪቦርዴን ወደ እሱ አመጣለሁ እንጂ እሱን ወደ ኪቦርዴ አልጎትተውም (ጎትቼው አውቃለሁ፤ ዘፈኑ ታመመ)። ቀጥሎ ምቱን በጭብጨባ የያዘ ጋይድ ቀድቼ እልካለሁ። እሱ በአንድ ጆሮው ጋይዱን፣ በሌላው ራሱን እየሰማ ይጫወታል። መጀመሪያ ላይ አንድ ጊዜ ጮክ አድርጎ ያጨበጭባል፤ የእኔና የእሱ ትራክ የሚገጥሙት በዚያች ጭብጨባ ነው። የከተማዋ ስም በከንቱ አልወጣም፣ ማይኩን ንፋስ እንዳይመታው ጋቢውን ደራርቦ በር ዘግቶ ይቀዳል። ሲልክም እንደ ፋይል እንጂ እንደ ድምፅ መልእክት አይደለም። የቴሌግራም የድምፅ መልእክት ስለሚታመቅ የደጋኑን ፍትግታ ይበላዋል፤ የመሰንቆ ጣዕም ደግሞ እሱው ነው።

እያንዳንዱን ድምፅ ለየብቻ ቀድቶ ማደራረብ ለእኛ ሰው እንግዳ አይደለም። የኪቦርድ ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ ከዋሊያስ ባንድ ጋር አሜሪካ ሄዶ እዚያው ከቀረ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ አኮርዲዮኑን፣ ኪቦርዶቹንና የከበሮ ማሽኑን ብቻውን ደራርቦ አንድ ካሴት ሠርቷል። በተራ የተቀበለው ራሱን ነበር። ያ ካሴት እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ታትሞ ዓለም ሰማው።

ወደ እኛ ልመለስና፣ በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ ወደ ሚሞሪ ካርድ ተመለስን። ጓደኛዬ በክብሪት ቀፎ ከቶ በመንገደኛ ይልክልኝ ነበር። አንዱ ካርድ ከብዙ ጥበቃ በኋላ ደርሶ ከፍቼ ስሰማው፣ መቅጃውን የተጫነው ዘግይቶ ኖሮ ተቀድታ የተገኘችው «ይበቃናል» የምትል ቃል ብቻ ናት።

ትናንት ማታ ደግሞ የአዲሱን ዘፈን መሰንቆ ልኮልኛል። አምስት ደቂቃ፣ ያልታመቀ፣ 26 ሜጋባይት። ይህን ስጽፍ ግማሹ ወርዷል።