ከዋንጫው በፊት ሸላሚውን፦ የቬኒስ ፊልም ፌስቲቫልና ሽልማቶቹ

አንድ ፊልም «ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኘ» ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ እናጨበጭባለን። ማን ሸለመው? በምን ደንብ? ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። በዚህች አጭር ጽሑፍ ይህንኑ ጥያቄ ይዤ በየዓመቱ ጣሊያን ውስጥ የሚካሄደውን የቬኒስ ፊልም ፌስቲቫል ላስተዋውቃችሁ። እሱን የመረጥኩት እኛንም የሚነካ ታሪክ ስላለው ነው።

የቬኒስ ፌስቲቫል በዓለም ካሉት የፊልም ፌስቲቫሎች አንጋፋው ነው። የተጀመረው በ1932 ዓ.ም. (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሊዶ በምትባል ደሴት ላይ ነው። ያኔ ዳኛ የሚባል ነገር አልነበረም፤ የወደደውን የሚመርጠው ተመልካቹ ነበር። በ1934 ውድድር ሲጀመር ግን ትልቁ ሽልማት «የሙሶሊኒ ዋንጫ» ተባለ። ከስሙ እንደምንረዳው የፋሺስቱ መንግሥት እጁን አስገብቷል ማለት ነው።

የዚህ ውጤት በ1938 ገሀድ ወጣ። የውጭ ፊልም ዋንጫው ለሂትለሯ ጀርመን ፊልም ለ«ኦሊምፒያ» ተሰጠ። የጣሊያኑን ደግሞ «ሉቺያኖ ሴራ፣ አብራሪው» የተባለ ፊልም ወሰደ። የዚህ ፊልም ታሪክ የት የሚያልቅ ይመስላችኋል? ኢትዮጵያ ውስጥ! ጣሊያናዊው አብራሪ በወረራው ጦርነት እንደ ጀግና ሲሞት ያሳያል። የፊልሙ የበላይ ተቆጣጣሪ የነበረው የሙሶሊኒ ልጅ ቪቶሪዮ ሲሆን፣ እሱ ራሱ በአገራችን ላይ ቦምብ ከጣሉት አብራሪዎች አንዱ ነበር። እንግዲህ ዋንጫው በአባት ስም፣ ፊልሙ በልጅ ቁጥጥር! በዚያ ዓመት ውሳኔ የተቆጡት ፈረንሳዮች የራሳቸውን ፌስቲቫል ካን ላይ ለመክፈት ተነሡ። በ1939 ሊጀምሩ ሲሉ ጦርነት ስለፈነዳ በ1946 ነው የተሳካላቸው።

ከጦርነቱ በኋላ የሙሶሊኒ ዋንጫ ቀረ። በ1949 የአንበሳው ሽልማት መጣ፤ ዛሬ «ወርቃማው አንበሳ» የምንለው ማለት ነው። ከ1969 እስከ 1979 ሳይሰጥ ቆይቶ በ1980 ተመልሷል። ለተዋንያን የሚሰጠው «የቮልፒ ዋንጫ» ግን ስሙን እንደያዘ አለ፤ ጁሴፔ ቮልፒ የፌስቲቫሉ መሥራች፣ ቀደም ሲልም የሙሶሊኒ የገንዘብ ሚኒስትር የነበረ ሰው ነው።

ዛሬ አሸናፊውን የሚለዩት ከተለያዩ አገሮች የተጋበዙ የሙያው ሰዎች ናቸው። እነሱም ቢሆኑ ደንብ ያስራቸዋል። በ2008 የዳኞቹ ሰብሳቢ ጀርመናዊው ዳይሬክተር ቪም ቬንደርስ ነበር። ወርቃማው አንበሳ ለ«ዘ ረስለር» ሲሰጥ፣ ይህን ያገኘ ፊልም የትወና ሽልማት አይደርብም ስለሚባል መሪ ተዋናዩ ሚኪ ሩርክ ሳይሸለም ቀረ። ስለዚህ «ምርጥ ተዋናይ» የሚለው ማዕረግ ሁልጊዜ ቃል በቃል አይወሰድም።

በዚያው ዓመት የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» ሁለት ሽልማቶችን አገኘ፤ አንዱ ልዩ የዳኞች ሽልማት፣ ሌላው ለምርጥ የፊልም ጽሑፍ የሚሰጠው «ኦሴላ»። ከጀርመን ወደ ደርግ ዘመኗ ኢትዮጵያ የተመለሰ ምሁርን ታሪክ የሚነግር ፊልም ነው። ልብ በሉ፤ ወረራችንን ያወደሰው ፊልም እዚያው ቬኒስ ከተሸለመ ልክ 70 ዓመት ሆኖታል። በ1938 እኛ የተተረክን ነበርን፤ በ2008 ተራኪ ሆንን።

እኔ እንደሚመስለኝ ሁለቱንም በአንድ ዓይን «ተሸላሚ ፊልም» ብሎ ማለፍ ለፊልም ተማሪ አይበቃም። ሽልማት ስለ ፊልሙ የሚናገረውን ያህል ስለ ሸላሚውም ይናገራል። ስለዚህ እናጨብጭብ፣ ግን ጠይቀን እናጨብጭብ።